ትኩስ ብረት ሲቀደድ

ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ ሲወጣ ነው። ሽበት ይኖረዋል፤ የተሸኘ ዕለት የተነሣው ፎቶ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከብረት ማቅለጫው ስወጣ የሸኘኝ ሰው የለም። አሁን አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ከሲቀላ ሴቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪ ስጠብቅ አስባለሁ፤ ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ ያለኝ የስድስት ወር የብየዳ ሥልጠና ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንቀራፈፍ አትፍረዱብኝ። አንዳንዱን ነገር ለመጻፍ እጄ እሺ አይለኝም። ነገር ግን ታላቅ ወንድሜ ታደለ በራሱ ጥፋት ሞተ የሚል ወረቀት፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ለእናቴ ተሰጣት። እንዳልሆነ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እንዴት እንዳወቅኩ ለመናገር ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ማቅለጫው ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ ወደ አባያ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ እዚያ እንጀራቸውን የሚበሉ ጓደኞች አሉኝ። ታደለ ቀድሞኝ ገባ። እኔ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ተከተልኩት። ያረጀ የመኪና ባሌስትራ፣ የተቆራረጠ ፌሮ፣ የተጣለ የትራክተር አካል በኤሌክትሪክ ምድጃ እናቀልጣለን። የወፍጮ ዕቃ፣ ሙዝ የሚጭኑ ጋሪዎች ጎማ የሚገጠምበት ሞዞ፣ ለመንገድ ሥራ ማሽኖች የአካፋ ጥርስ እናወጣለን። ታደለ የቀለጠውን ብረት ከሚያፈስሱት አንዱ ነበር። እኔ መጀመሪያ አሸዋ አዘጋጅ ነበርኩ፤ ኋላ በያጅ ሆንኩ። ደሞዙ እንደ ማንኛውም ቦታ ነው፤ አላወራበትም።

ሥራውን ያስተማሩን ጋሽ ዳልኬ ናቸው። ገረሴ ነው የተወለዱት። እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ እንዴት እንደሚታይ የእኛ ሰው ያውቃል። ሰዎች እንስራውን ይገዛሉ፣ ሠሪዋን ግን ቤታቸው አያስገቡም። ጋሽ ዳልኬ ይህን አልደበቁም። እንዲያውም የሙያቸው መጀመሪያ እሱ ነው ይሉ ነበር። እናታቸው የተሰበረ ሸክላ ፈጭተው ጭቃው ውስጥ ይጨምሩ ነበር፤ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ። ልጅ ሆነው ያንን አይተው ነው ስለ መድረቅና ስለ ማጠር ማሰብ የጀመሩት።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቁኝ።

«አሼ፣ ብረት የሚደክመው መቼ ነው?»

«ሲቀልጥ።»

«ሲቀልጥማ ውሃ ነው፤ ውሃ ምን ያደክመዋል?»

«እሺ፣ ሲቀዘቅዝ።»

«ሲቀዘቅዝማ ራስህን ይፈነክታል።»

ታደለ ሳቀ። «የሱ ራስ ከብረቱ ይጠነክራል ጋሼ፤ ይልቅ ለብረቱ እዘኑለት!»

ጋሽ ዳልኬ ግን አልሳቁም። «ውሃም ሳይሆን ብረትም ሳይሆን መሀል ላይ ሲሆን ነው» አሉ። «ቆዳው ረግቷል፤ ውስጡ ገና ይፈሳል። ያን ጊዜ ጉልበት የለውም። ያን ጊዜ ደግሞ ማጠር ይፈልጋል። አንድ ሜትሩ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ያጥራል። ልቀቀው። ከያዝከው ይቀደዳል። አይሰበርም፤ እንደ ጨርቅ ይቀደዳል።»

የያዘውን ነገር መልቀቅ፣ የሥራቸው ሁሉ ሚስጥር ይኸው ነበር። የቀለጠው ብረት የሚገባበትን ቅርጽ፣ ሞልድ የምንለውን፣ ከኩልፎ ወንዝ በመጣ አሸዋ እንጠቀጥቃለን። ዕቃው መሀሉ ክፍት እንዲሆን ከተፈለገ ውስጡ ሌላ የአሸዋ ቁራጭ ይቀመጣል፤ እሱን ኮር እንለዋለን። ጋሽ ዳልኬ ኮሩ ውስጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ወቅጠው ይቀላቅላሉ። የቀለጠው ብረት ሲገባ ቅጠሉ ተቃጥሎ ያልቃል፣ ኮሩ ይላላል፣ ብረቱ ሲያጥር ቦታ ያገኛል። በመጽሐፍ አላነበቡትም። ለስንት ዓመት ሞክረው፣ ከጓሮአቸው ቅጠል አምጥተው ያገኙት ነው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ብረቱ ከፈሰሰ በኋላ ሞልዱ አጠገብ ቆመው በጋሞኛ ይቆጥራሉ። ድምፃቸው አይሰማም፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። አናቱ ላይ ያለው ብልጭታ ሲጠፋ እጃቸውን ያነሣሉ፤ እኛ የሞልዱን ማሰሪያ እናላላለን፣ የኮሩን አሸዋ በዘንግ እንወጋለን። በዚያ ሰዓት ሥራ አስኪያጅም ቢጠራቸው ዞር አይሉም። ቁርጥራጭ ብረቱንም ራሳቸው ይለያሉ። ድኝ የበዛበት ብረት ትኩስ ሳለ ይፈረካከሳል እያሉ የማያምኑትን ብሎን ሁሉ አጥር ጥግ ይጥሉ ነበር። በኋላ ማንጋኒዝ ይጨምራሉ፣ ድኙን እንዲይዝላቸው።

የወጣውን ዕቃ ደግሞ በላምባ ይፈትኑታል። ብረቱን ላምባ ይቀቡና ይጠርጉታል፤ ከላይ ጠመኔ ይነሰነሳል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና መስመር ይሠራል። ያንን መስመር መፈለግ የእኔ ሥራ ሆነ። ዓይኔ ጥሩ ነው ብለው ነው የመረጡኝ።

በሁለተኛው ዓመቴ ከገረሴ አንዲት የወፍጮ ባለቤት መጡ። የተሰበረ የወፍጮ ዕቃ በጆንያ ይዘው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

«ይሄን ነው ብረት ብላችሁ የሸጣችሁልኝ? የኛ ድንች እንኳ ከዚህ ይጠነክራል!»

የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ከአቅም በላይ አስፈጭተውበት ይሆናል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ዳልኬ ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ግማሹ ጥቁር ነው፤ ግማሹ ነጣ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ።

«ጥቁሩ እዚሁ የተቀደደ ነው» አሉ። «ትኩስ ሆኖ ሲቀደድ አየር ያገኘዋል፣ ያጠቁረዋል። ነጩ እርስዎ ዘንድ የተሰበረው ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ እትዬ። ሌላ እንሠራለን፤ ይዤው የምመጣው እኔ ነኝ።»

ሌላ ተሠራ። እኔና ጋሽ ዳልኬ ገረሴ ድረስ ወስደን ገጠምነው። ሴትዮዋ ድንች ቀቅለው አበሉን፤ «ይኼንን ደግሞ ከብረቱ ጋር አወዳድሩት» እያሉ። እንዲህም ይሠራ ነበር ለማለት ነው ይህን የጻፍኩት። ጥፋት ሲገኝ ጥፋት ነው ይባል ነበር።

ከዚያ እኚያ ሥራ አስኪያጅ ሀዋሳ ተዛወሩ፣ አቶ ሙሉጌታ መጡ። አንቱ እያልኩ የምጽፈው ለምዶብኝ ነው፤ ከልቤ አይደለም።

አቶ ሙሉጌታ ብረት ሲፈስ አይተው አያውቁም ነበር። መብራት ድንገት ቢጠፋ ብረቱ እንዳይረጋ ምድጃው ከልክ በላይ ይጋል አሉ፤ ብረቱ ከልክ በላይ ሲግል በኋላ አብዝቶ እንደሚያጥርና እንደሚቀደድ የነገሯቸውን አልሰሙም። ብረት መለየት ቀረ። ማሰሪያ ማላላት ጊዜ ይበላል ተባለ። ለኮሩ ከአዲስ አበባ በበርሜል ሙጫ አስመጡ፤ ጋዝ ሲነፋበት ድንጋይ የሚሆን። ሙጫው በራሱ መጥፎ አልነበረም። ጋሽ ዳልኬ ቅጠሉን ጨምረንበት እንሞክረው አሉ።

«ይሄ ፋብሪካ ነው ወይስ ማድ ቤት? ቅጠል የምትቀቅሉበት?» አሉ አቶ ሙሉጌታ።

«ኮሩ ካልላላ ብረቱ ታንቆ ይቀራል፣ ጌታዬ።»

«እርስዎ የእናትዎ ቤት ያሉ መሰለዎት። እዚህ ሸክላ አንሠራም።»

ከሠላሳ በላይ ሰው ሰማ። አንድ ሰው አልተናገረም፣ እኔም ጭምር። በማግስቱ ጋሽ ዳልኬ ወደ ጥበቃ ክፍል ተዛወሩ። ዱላ ተሰጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ያፈሰሱ ሰው በር ከፋች ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ጠመኔው ላይ መስመር የማይታይበት ቀን አልነበረም። መጀመሪያ እያሳየሁ አስጥል ነበር። ኋላ «ፍቀውና በይደው» መባል መጣ። በደንብ የተፋቀ ስንጥቅ በብየዳ ይድናል፤ እስከ ሥሩ ከተፋቀ። መስመሩ እስኪጠፋ መፋቅ አለብህ። ለዚያ ጊዜ አይሰጠንም። ከላይ እሸፍናለሁ፣ በግራይንደር አለሰልሳለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። በያጅ መሆኔ ቀረ፤ ቀለም ቀቢ ሆንኩ።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስኩ።

የቀለጠውን ብረት ከምድጃው ወደ ሞልዱ የምንወስድበት ትልቅ ባልዲ አለ። በሰንሰለት ማንሻ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሁለት ጆሮዎች አሉት፤ ሰንሰለቱ እነሱን ነው የሚይዘው። አሮጌው ባልዲ ትንሽ ነው ተብሎ አዲስ ተሠራ። ጆሮዎቹን ከውጭ ከመግዛት እዚሁ እናውጣቸው አሉ አቶ ሙሉጌታ። ወጡ። በድንጋዩ ኮር፣ ባልተለየው ብረት፣ ማሰሪያው ሳይላላ።

ላምባ ቀባሁ፤ ጠመኔ ነሰነስኩ። አንዱ ደህና ነው። በሁለተኛው ላይ፣ ጆሮው ከሥሩ ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ የጣት ርዝመት ያለው ቀጭን መስመር ወጣ። አቶ ሙሉጌታን ጠራኋቸው።

«ፀጉር ነው እኮ» አሉ።

«ውስጥ ይገባል። ይሄ ብረት የሚሸከም ነው። ቢጣል ይሻላል።»

«ነገ ሥራ አለ። በይደው።»

ፋቅኩት። መስመሩ አልጠፋም። እንደገና ፋቅኩ። አሁንም አለ። አቶ ሙሉጌታ አጠገቤ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። «አልጨረስክም?» አሉ። ግራይንደሩን አስቀመጥኩ። ኤሌክትሮዱን አነሣሁ። በየድኩት። ቀባሁት።

ልጥለው እችል ነበር። ወደ ግቢው በር ሄጄ ለጋሽ ዳልኬ ልነግራቸው እችል ነበር። ሃምሳ እርምጃ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ታደለ ባልዲውን እየነካካ «አሼ፣ ጆሮው እንዴት ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ደህና ነው።

ብየዳው ሁለት ወር ያህል ያዘ። አንድ ረፋድ ላይ፣ ታደለ ባልዲውን በጎን እየመራ ሲሄድ፣ የበየድኩት ጆሮ ለቀቀ። የሆነውን አልጽፍም። በሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ዓረፈ። በመሀሉ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ «ጆሮው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዝም በል፣ አትድከም» አልኩት። ለወንድሜ ሳልመልስለት ሄደ።

ለቅሶው ሳይነሣ ወረቀቱ መጣ። «ሠራተኛው ባልዲውን ከመጠን በላይ በመሙላት በራሱ ጥፋት» ይላል። ባልዲው እስከ መሙያ ምልክቱ እንኳ አልሞላም ነበር። ለቀስተኛው ይህን ሰምቶ ከንፈሩን መጠጠ። «ልጅነት ነው፤ ቸኩሎ ይሆናል» ይላል። እናቴ ይህን ትሰማለች። ቸኩሎ የማያውቅ ልጇ ሲታማ። እኔም እሰማለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ቤት ውስጥ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ብናገር ደግሞ የራሴን እጅ ነው የምናገረው።

ከአርባው በኋላ አቶ ሙሉጌታ ሽማግሌ ላኩ። በጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ እምቢ አይባልም። የገደለም ቢሆን፣ ደም የፈሰሰበትም ቢሆን። ይህን አቶ ሙሉጌታ ያውቃሉ፤ አውቀው ነው የላኩት። እናቴ ከታረቀች ማንም ሁለተኛ ስለ ጆሮው አያነሣም። የአባቶቻችንን ሣር ስንጥቅ መሸፈኛ ሊያደርጉት ነው። እንደ እኔ ቀለም።

አምስት አባቶች ግቢያችን ገብተው እርጥቡን ሣር መሬት ላይ አኖሩ። አቶ ሙሉጌታ ሱፍ ለብሰው ከኋላ ቆሙ። ጋሽ ዳልኬም ነበሩ፤ ጆንያ ይዘው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። እናቴ አልጠበቀችም። ሣሩን እንዳየች እንባዋ መጣ፣ እሺ ለማለት ልትነሣ ሞከረች። በዕድሜ ትልቁ አባት በእጃቸው አስቀመጧት።

«ቆይ፣ ልጄ። ሳይነገር እርቅ የለም። መጀመሪያ ያጠፋው ይናገር።»

አቶ ሙሉጌታ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አባቶች፣ ድርጅቱ በደረሰው ሐዘን ይቅርታ ይጠይቃል።»

«ስለ ሐዘን ይቅርታ አይጠየቅም፤ ስለ ጥፋት ነው። ጥፋቱ የማን ነው?»

«በወረቀቱ ላይ እንደተገለጸው… የሟቹ ነው።»

ሽማግሌው ሣሩን አዩት። «ታዲያ ይህን ሣር ይዞ መምጣት የነበረበት ሟቹ ነዋ! እኛን ለምን አደከምከን?»

አንድ ሰው ሳቀ። ጋሽ ዳልኬ ተነሥተው ጆንያውን እግሬ ሥር አመጡ። የተሰበረው ጆሮ ነው። አቅልጡት ተብሎ ታዝዞ ነበር። እሳቸው ግን ከቁርጥራጩ ክምር አውጥተው በማቅለጫው በር ላይ፣ የጥበቃ ወንበራቸው ሥር ደብቀውት ኖረዋል። ማንም የሸክላ ሠሪ ልጅ ወንበር ሥር አያይም።

«አንብበው» አሉኝ። «አንተ ታውቃለህ።»

ያውቁ ነበር ማለት ነው። ብየዳዬን ያውቁታል፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ብረቱን አነሣሁ። «ይሄ ጥቁሩ» አልኩ፣ «ሲወጣ የተቀደደው ነው። ታደለ ሳይነካው በፊት ጥቁር ነበር። ይሄ ነጩ የዚያን ዕለት የተሰበረው ነው። በጣም ትንሽ ነው፣ እዩት። ይሄ ከላይ ያለው ስስ ልባስ ደግሞ…» ቆምኩ። አባቶቹ አላጣደፉኝም። «ይሄ ብየዳ ነው። የኔ ብየዳ ነው። ስንጥቁን አይቼዋለሁ። በይደው ተባልኩ፤ በየድኩት። ታደለ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው አልኩት።»

ወደ እናቴ ማየት አልቻልኩም።

«አንዱ ተናገረ» አሉ ትልቁ አባት። «በይደው ያለውስ?»

«ጉዳዩ በቴክኒክ ክፍል ይታያል» አሉ አቶ ሙሉጌታ። እንደዚያ ነው ያሉት። ሽማግሌው ሣሩን ከመሬት አነሡ። አልሰጡም፣ አልጣሉም፣ አንሥተው ያዙት። አምስቱም ተከታትለው ወጡ። በእኛ አገር ሣር ይዞ መጥቶ፣ ሣሩን ይዞ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አቶ ሙሉጌታ የዚያን ዕለት አወቁ መሰለኝ፤ እርቅ የለም፣ ጥፋቱም አልተሸፈነም ማለት ነው። ከተማው በሙሉ ሰማ።

ከሳምንታት በኋላ፣ ወሬው ስላየለ ይመስለኛል፣ ከድርጅቱ አዲስ ወረቀት መጣ። የእኔ ስንብት አብሮት ነበር። ጋሽ ዳልኬም ንብረት ደብቀዋል ተብለው ተባረሩ።

እናቴ አማርኛ ብዙ አትሰማም። ወረቀቱን በጋሞኛ አንብብልኝ አለችኝ። አባቶች ግቢያችን ከመጡበት ቀን ጀምሮ የምትናገረኝ የግድ ሲሆንባት ብቻ ነበር። ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። «አደጋው በሟቹ ጥፋት የደረሰ አለመሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። እሱን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ቀጥሎ ያለውን በዓይኔ አየሁት። ወደ ጋሞኛ ስመልሰው ልዘለው እችል ነበር፤ አታውቅም። አልዘለልኩትም። ስንጥቁን ሸፍኖ ያለፈው በያጁ ነው ይላል፤ ከዚያ ስሜ አለ፣ ከነአባቴ ስም። የእሷ ባል ስም ነው። ድምፄን ሳልቀንስ አነበብኩት።

«ከዚያስ?» አለች።

«አበቃ።»

«በይደው ያለው ሰው ስም የት አለ?»

«የለም።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ማኅተሙን እያየች ቆየች። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«ያንተን እኔና አንተ እንጨርሰዋለን» አለች። «ዛሬ አይደለም። ይሄን ግን መልስላቸው። ጎዶሎ ነው።»

በማግስቱ ወሰድኩት። በሩ ላይ ያለው አዲሱ ጥበቃ አላስገባህም አለኝ። በወረቀቱ ጀርባ፣ በያጁን ያዘዘው ማን እንደሆነ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩና በእጁ ሰጠሁት።